ወፍ የለም

ነጂሃ መጣች ደብተር አንጠልጥላ፣
እኔ ተቀምጬ ከጁገል ግንብ ጥላ።
"አው ዩኑስ" አለችኝ፣ "ለትምህርት ቤት ነው፤
ድንቢጥ የጠፋችው ምክንያቱ ምንድነው?
ድሮ ስንት ነበር? ዛሬስ ስንቱ አለ?"
"ወፍ የለም!" አልኳት፣ አፌ እየቀለለ።
ለባዶ ኪስ ነበር ይህን ቀልድ የምንለው፤
ሳቀች፤ ቀና ብላ ጣራውን አየችው፤
ሳቋን መለሰችው።

እሺ ጻፊ፣ አልኳት።
ጫቱን ይረጩታል፣ ቅጠሉ እንዲያበራ፣
ትሉም ይረግፋል ከመርዙ ጋራ፤
እናት ለጫጩቷ የምታጎርሰው
ወይ የለም፣ ወይ ደግሞ እሱ ነው የሚጨርሰው።
ድሮ ሸዋ በር ላይ ማሽላ ሲሰፈር
ከእግር ስር የሚቀር የወፍ ድርሻ ነበር፤
ዛሬ ዱቄት ሆኖ፣ በላስቲክ ታሽጎ፣
ማን ሊበትንላት አንዲት ፍሬ ፈልጎ?
ከመድረሳው ጓሮ የነበረው ሾላ
ለባጃጅ መቆሚያ ወደቀ በኋላ።
ሌሊቱም ሌሊት አይደል፣ አምፖል በርቶ ያድራል፤
የቀረው አንድ ወፍ የነጋ መስሎት
በእኩለ ሌሊት ይዘምራል።
ጅቡን ግን ተዪው አቦ፣
ለጠፋ ነገር ሁሉ እሱን እናማለን፤
ጅብ ጣራ አይወጣም።

በግራ እጇ ጻፈች፣ ገጹ እስኪሞላ፤
"ሌላስ አለ?" አለች።
"ወፍ የለም" አልኳት፣ "ሌላ።"

ያልነገርኳት ይህን ነው።
ድንጋይና ጭቃው ክፍተት ነበረው ድሮ፤
ለእኛ ስንጥቅ የሆነው፣ ለእሷ ደጃፍ ኖሮ።
ሲሚንቶ መጣና ልስን ተማርን፤
አርባ ዓመት፣ በዚህ በእጄ፣
ጣት የምታስገባ ቀዳዳ ሳላስቀር።
አምና በግንቦት፣ የእነ ፈቲሃን ግድግዳ ጨርሼ፣
ካዙላዬን አጥቤ ልነሳ ስል
ከልስኑ ወዲያ፣ ቀጭን፣
ጭር... ጭርር...
እርጥብ ነበር ገና። በጥፍር ቢጫር ይከፈት ነበር።
ግን መሽቷል፣ ሒሳቤን አልተቀበልኩም፣
ባለቤቱ ደግሞ ግድግዳውን እየዳበሰ
"መስታወት አስመሰልከው" ይለኛል።
ቀን ሠራተኛው ኢብሳ ቆም ብሎ
"ምን ይሰማል?" አለኝ።
"ወፍ የለም" አልኩት።

በሦስተኛው ቀን ሲሚንቶው ደረቀ።
እናቲቱ ሳምንት ሙሉ፣ ትል በአፏ ይዛ፣
በሯ የነበረበትን ልስን ስታንኳኳ ሰነበተች
ይላሉ ጎረቤቶች፤
እኔ በዚያ መንገድ አላለፍኩም።

ትናንት ነጂሃ ስትሄድ መሮ አወጣሁ፣
ከራሴ ቤት ግንብ ላይ፣ ከኮርኒሱ ስር፣
አንዲት ቀዳዳ በሳሁ፣ ሁለት ጣት የምታህል።
ዛሬ ጠዋት አየኋት።
ጉንዳን ገብቶባታል።