በሣጥን ያለች ረቡዕ

አርባ አንድ ገጽ አለኝ፣ አንዱ ብቻ ጎድሎ፣
በቆርቆሮ ሣጥን፣ በጋቢ ቁራጭ ተጠቅልሎ።
የስንሻው ሙጬ እጅ ነው፤ በጥቁር ቀለምና በብዕር
ረቡዕን ያስቀራት፣ ወደ ሐሙስ እንዳትሻገር።

ያኔ በቀበሌያችን አንድ ቴሌቪዥን ነበር፣
በቁም ሣጥን ተከርችሞ፣ እንደ ወንጀለኛ የሚታሰር።
ረቡዕ ሲመሽ ሊቀ መንበሩ ቁልፉን ሲያዞረው
አግዳሚው ይሞላል፣ መስኮቱ ሰው በሰው ነው።
«የጠፋው ማኅተም» ይላል፤ ፊደሉ ብርድ እንደያዘው ይንቀጠቀጣል፣
ጣራ ላይ የወጣ ጎረምሳ አንቴናውን ይዞ «አሁንስ?» ይላል።
ስንሻው ከፊት፣ ከመሬት፣ ጉልበቱ ላይ ደብተር፣
ዓይኑ ከብርሃኑ ሳይነቀል እጁ በጨለማ ይስል ነበር።

ለማን? መብራት ላልደረሰው ለአዘዞ ማዶ ልጅ፣
ለሆስፒታል በሽተኛ፣ ለእስረኛ ጠያቂ በወህኒ ደጅ።
ቅዳሜ ቅዳሜ በሃምሳ ሳንቲም ያከራያል፣
«አንብበህ መልስ፤ ጣትህን በምራቅ እንዳታርስ» ይላል።

ሣጥኑ ጥቁርና ነጭ ነው፤ የአንጓችን ቀሚስ ማን አይቶት?
ስንሻው ግን በሰናፍጭ አበባ ቢጫ ቀባላት።
በቀጣዩ ረቡዕ ሕፃናቱ ግራጫውን እያዩ
«ቢጫዋ መጣች! ቢጫዋ!» አሉ፤ አዋቂዎቹም ቢጫ አዩ።

ሌባውን፣ ድንበሩን፣ በአንድ ዓይን ብቻ ሳለው፣
በጎን፣ አፍንጫው ወጥቶ። (ተዋናዩ እንኳ ሲያዩት ሸጋ ነው።)
«ሌላው ዓይኑስ?» ስንለው፣ «ደብረ ብርሃን ሥላሴ ሂዱ፤
አባቶች ለክፉ ሰው ሁለት ዓይን መች ፈቀዱ?»

እኔ አናጢ ነኝ፣ ከፒያሳ ቁልቁል፣ የሥዕል ክፈፍ ሠሪ።
ዐሥራ አንድ ዓመት ለቀምኩ።
ገጽ ሦስትን ከቅዳሜ ገበያ፣ በርበሬ ተቋጥሮበት አገኘሁ፤
እስከ ዛሬ በከፈትኩት ቁጥር አስነጥሳለሁ።
ዐሥራ ዘጠኝን ከፀጉር አስተካካይ ግድግዳ፤ ድንበሩን ሞዴል አድርጎት
ግራውን በሥዕሉ ይቆርጣል፣ ቀኙን በግምት።
ሠላሳ ሁለትን ቀሃ፣ ከእትዬ የውብዳር መስኮት፣ ነፋስ ሲከላከል፤
«ወስደህ በብርድ ልትገድለኝ?» አለች። መስታወት ገጠምኩላት በትክክል።

አርባ ሁለተኛው ግን . . .
የመጨረሻዋ ረቡዕ፣ አንጓች፣ ማኅተሙ ያለበትን በር
ልትከፍት እጇን ስታነሣ፣

መብራት ሄደ።

ድጋሚ አልታየም። ካሴቱም ተፍቆ ሌላ ተቀዳበት ይባላል።
የባሕር ዳር ሾፌር «ተጋቡ» ይላል፤ አስተማሪያችን «ሞተች» ይላል፤
ፖስተኛው ከበሩ ኋላ ሌላ በር ነበር ብሎ ይምላል።
ስንሻው፣ «ያላየሁትን አልስልም» አለና ብዕሩን ከደነ።

ባለፈው ጥቅምት ቤቱ ሄድኩ። እጁ ይንቀጠቀጣል፣ እንደዚያ ፊደል።
«ጋሼ፣ አርባ ሁለትን ሠርተኸው ነበር?»
«ያየሁትን ያህል» አለኝ፤ ከፍራሹ ሥር ሳበና አወጣ።
ሙሉ ጥቁር። ከጥግ እስከ ጥግ ቀለም።
«ምንድን ነው?»
«መብራት የሄደ ለታ ነዋ!»

ወደ ፀሐይ ዘንበል ሳደርገው፣ በጥቁሩ ላይ በጥቁር፣
ዓይን፣ ዓይን፣ ዓይን፤ እንደ ሥላሴ ጣሪያ፣ ሲቆጥሩት የማይቆጠር።
አግዳሚው፣ መስኮቱ፣ ያ ጣራ ላይ ያለው ጎረምሳ ሳይቀር፣
ሁሉም ሁለት ሁለት ዓይን።
ሊቀ መንበሩም ጭምር።

ዋጋ ጠራሁ፤ ጨመርኩ፤ ራሱን ነቀነቀ።
«አልሸጥም፤ አከራያለሁ። ሃምሳ ሳንቲም።»
ሃምሳ ሳንቲም ከኪሴ ከጠፋ ስንት ዘመኑ!
አንድ ብር ሰጠሁት። «እንግዲያው የሁለት ሳምንት» አለኝ።

ዛሬ ዓርብ ነው፤ ሁለተኛው።
ነገ ይዤለት እወጣለሁ፣ አቀበቱን፣ በጋዜጣ ጠቅልዬ።
እና ያው አርባ አንድ ገጽ አለኝ።
ጣቴን አላራስኩም።