የእግር ልክ

ኤንደል ጫማ ሰፊው፣ ከርድላ ወደብ ዳር፣
ግድግዳው ላይ ሰቅሏል የደሴቱን እግር፤
ከእንጨት የተጠረበ፣ ስም የተጻፈበት፣
የፖስተኛዋ እግር ጎኑ ያበጠበት፣
የመምህሩ ተረከዝ ግራው ያጠረበት።
«ቁጥር አርባ ሁለት» ሲሉት ይስቃል፤
«አርባ ሁለት ማነው? እግር ስም ይኖረዋል።»

መስከረም ላይ ለልቡ ቀጭን ቱቦ ገባለት፤
ደሙ እንዳይረጋ እኔ ነኝ የሰጠሁት
ትንሿን ሮዝ ክኒን፤ ለረጅም፣ ላጭሩ፣
ሰባ አምስት ሚሊ ግራም፣ አይለወጥ ቁጥሩ።

ከዚያ ከታርቱ ከተማ ደብዳቤ መጣለት፤
በጎልማሳነቱ ደሙን የሰጠበት
ቤተ ሙከራ ነው፣ ከሃያ ዓመት ኋላ፦
«ጉበትህ ይህችን ክኒን አይቀሰቅስም፤ ፈልግ ሌላ።»

ክኒኗ ተኝታለች። እሱም ያውቃል፣ እኔም።
ዶክተር ኡርቬም ታውቃለች፤ ግን ሳጥኑ የለም።
አለርጂ? ሳጥን አለው። ማጨስ? እሱም አለው።
ለዘር ግን ኮምፒውተሩ ክፍት ቦታ የለው።
«ልዩ ልዩ» በሚለው ስር ፎቶውን ከተተችው፤
አሥር ደቂቃው አለቀ፤ ቀጣዩን ጠራችው።
አልወቅሳትም። ኮሪደሩ ሙሉ ይስላል።

ሌላዋ ክኒን አለች፣ መደርደሪያዬ ላይ፣
ክንዴን ብዘረጋ። ዋጋዋ ግን ሰማይ።
መድን ድርጅቱ «መጀመሪያ ቅጽ» ይላል፤
ቅጹም «ማስረጃ»፣ ማስረጃውም «ጥናት» ይላል፣
ጥናቱ ደግሞ «እንደርሱ ያሉ ስንት?» ይላል።
አንድ ነው። እዚህ ነው። ባንኮኒዬን ተደግፏል።

ስልኩ ጆሮዬ ላይ፣ ሙዚቃው ሲዞር፣ ሲዞር፣
«ጥሪዎ ለኛ ክቡር ነው»፤ አርባ ደቂቃ ክብር!
ሚስቱ ሄልጁ ጓንቷን ታጥፋለች፣ ትዘረጋለች።
ኤንደል ግን አቀርቅሮ ጫማዬን ያያል።
«ቀኝሽን ታነክሻለሽ፤ ስንት ዓመት?» «ሃያ» አልኩት።
«ጫማ ሻጩስ?» «ሠላሳ ስምንት ነሽ አለኝ፤ ተጫማሁት።»

ተንበረከከ፤ ጉልበቱ ሲንቋቋ ይሰማል።
ወረቀት ፈልጎ ኪሱን ዳበሰና፣
የታርቱን ደብዳቤ ገልብጦ ዘርግቶ፣
እግሬን ላዩ አቁሞ በእርሳስ ከበበው፤
የሱ ደም በፊቱ፣ የኔ እግር በጀርባው።

ሐሙስ ጫማው ደረሰ። ቀኙ ከግራው በጣት ይሰፋል፤
ደረጃውን ስወጣ ሕመሙን መጠበቅ ረሳሁ።
የመድኑም መልስ ያን ዕለት መጣ፦ «ጥያቄዎ ደርሶናል፤
በሠላሳ የሥራ ቀን ውሳኔ ያገኛል።»

ማታ ኤንደል መጣ፣ በረዶውን ከባርኔጣው እያራገፈ።
ሮዟን ክኒን ሰጠሁት፣
በልኬ በተሰፋው ጫማ ቆሜ።