ያም

እዚህ አገር ባሕሩን «ያም» ብለው ይጠሩታል፤
የኔ ጆሮ ግን ቃሉን ሳያበቃ ያስረዝመዋል፦
«ያማል»።
አንዱ ቁስል ነው፣ አንዱ ሐሜት።
የቱ እንደሆነ ሳልለይ አለፈ ዘጠኝ ዓመት።

ኪርያት ያም፣ ከልጆች ጀልባ ቤት፣ ወለል አጥባለሁ።
ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሲመጡ አያለሁ፤
ጫማ ያወልቃሉ ከደጅ፣ አንዱን ባንዱ ላይ፤
ባሕር ሲገቡ እሱ ብቻ ነው ለኔ የሚታይ።
ስለዚህ እቆጥራለሁ። ዐሥራ አራት ጥንድ ጫማ።
አውቃለሁ ማን ምን እንደሚጫማ፦
የሊአልን ሮዝ፣ የኔቮን ተረከዙ የተቀደደ፣
የቢተውን ልጅ የአሚኤልን፣ ከወንድሙ የወረደ።

ሸራ ሲዘረጋ፣ ፊሽካ ሲነፋ፣
ብርቱካንማ ጃኬታቸው ከማዕበሉ ጀርባ ሲጠፋ፣
እኔ ዋና አልችልም። ውሃን የማውቀው በባልዲ ነው።
መቁጠር ግን እችላለሁ፤ መቁጠርም መጠበቅ ነው።

ለባሕሩ ሕግ አለው፦ ጃኬት ሳያስር የሚገባ የለም፤
ያለ አጃቢ ጀልባ አንድም ልጅ አይሄድም።
ጥሩ ሕግ ነው። ባሕሩ ግን አይዋሽም፤
ሲቆጣ ይታያል፤ ከረሜላ ገዝቶ አያባብልም፤
ሌሊት በስልክ «ለማንም እንዳትነግር» ብሎ አይጽፍም።

ማክሰኞ ዕለት ዐሥራ ሦስቱ ጫማ ሄደ። አንዱ ቀረ።
ፀሐይ ገብታ፣ መኪና ማቆሚያው ባዶ ነበረ።
የአሚኤል ጫማ። የውስጡ ክፍል በር ተዘግቷል፤
ከሥሩ ቀጭን ብርሃን ወጥቷል።
አሰልጣኙ፣ ዋንጫ ያመጣ፣ ፎቶው ከግድግዳ የተሰቀለ፤
ማን ወላጅ ነው «እጁ ይባረክ» ያላለ?

ልለፈው? አልኩ። የሰው ስም ማንሳት ነውር ነው፤
እንጀራዬም ከዚሁ ቤት ነው።
እናቴ «አፍሽን ጠብቂ» ብላ አሳደገችኝ፤
«ልጅ ጠብቂ» ያለችኝም እሷ ናት፤ ያን ማታ ሁለቱ ተጣሉብኝ።

ባልዲውን በእግሬ መታሁት። ውሃው ሳይፈራ
ከበሩ ሥር ሾልኮ ገባ፤ ከውስጥ አንድ ድምፅ ተጣራ፦
«ማነው?»
«እኔ ነኝ» አልኩ፣ «ወለል ልወለውል፤ በሩን ክፈቱ፤
እናቱም መንገድ ላይ ናት»። ዋሸሁ። እኔ ልጠየቅ በሐሰቱ።

ልጁ ወጣ። ካልሲው ርሷል። ምንም አልጠየቅሁት።
ጫማውን አቀበልኩት።
ማሰሪያውን ሦስት ጊዜ ቋጠረ፣ ሦስት ጊዜ ፈታ።
ደወልኩላት። እስክትመጣ የመርከቦችን መብራት ስንቆጥር ቆየን፣ ማታ።

በማግስቱ ጽሕፈት ቤት ገባሁ፣ በተሰባበረ ዕብራይስጤ፣
ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የጫማውን ቁጥር ሳይቀር፣ ከነድንጋጤ።
ጸሐፊዋ ብዕሯን አስቀመጠች። «ሐሜት እንዳይሆን» አለች፣ በለሰለሰ ዜማ።
«ይሁን» አልኳት። «ልጅ ከሚታመም ሰው ይታማ።»
ብዕሯን መልሳ አነሳች።

ዛሬ ያ በር መስታወት አለው፤ ሁለት ሰው ሳይኖር አይዘጋም።
አሚኤል ወደ ባሕሩ አልተመለሰም፤ ና ብዬ አልለምንም።
አንድ ቀን ግን፣ ከአጥሩ ማዶ፣ ቆሞ ሸራ ሲያይ አየሁት፤
ጫማውን አላወለቀም። እኔም አልጠራሁት።
ቆጠርኩት።