ቃለ ጉባኤ፣ ደቻቱ ዳር

ቀን፦ እሑድ ጠዋት፣ ፀሐይ ሳትበረታ።
ቦታ፦ ከድልድዩ ግርጌ፣ አሸዋው ላይ ቁጭ ብለን በተርታ።
የተገኙ፦ አሥራ አንድ ሰው፤ አካፋ አራት
(አምስት ነበር)፤ ጎማው የተነፈሰ ጋሪ፣ የወፍጮ ቤቱ ምጽዋት።
ያልተገኘ፦ ሸምሱ። ባጃጁን ሊያስጠግን ሄዷል፣ ብላለች እህቱ፤
ሂቦ ግን ቀፊራ አይታዋለች፣ ሳምቡሳ ይዞ በእጆቹ፣ በሁለቱ።

አጀንዳ አንድ፦ ቆሻሻው።
ወንዝ ይሉታል ይህን ገላጣ፣ ዓመቱን ሙሉ ውሃ የሌለው።
የሚፈሰው ፌስታል ነው፣ የተበጠሰ ጫማ፣ የፍየል ቀንድ፣ ገረባ፤
ደንገጎ ላይ ሲዘንብ ግን፣ እኛ ጋ ኮከብ ሞልቶ ሳለ፣
እንግዳ ነው፣ ሳያንኳኳ የሚገባ።
ኢፍቱ ስለዚያ ሌሊት ተናግራ አታውቅም።
እኛም አንጠይቃትም።
ሌላው አንዴ ሲዝቅ እሷ ሦስቴ ትዝቃለች፤
ፀሐይ ስትመታን ሁላችን ጥላ እንሻለን፣ እሷ አሸዋው ላይ ትቀራለች።

አጀንዳ ሁለት፦ ጋሽ ወርዶፋ።
ምድር ባቡር፣ ሠላሳ ሦስት ዓመት፣ ሐዲድ ለሐዲድ የሄደ፣
ብረቱን በመዶሻ እየመታ ስንጥቁን በጆሮው የፈረደ።
ዛሬ ዓይኑ የለም። ከተረጂዎች መዝገብ፣ ተራ ቁጥር ዘጠኝ።
አምስት ኪሎ ዱቄት፣ ሁለት ሳሙና፣ አንድ ሊትር ዘይት አደረስን።
ዳበሰው። አመሰገነ። ወደ በሩ መልሶ ገፋ።
«አቦ ልጆች፣ ዱቄቱስ ደግ ነው፤ ግን እኔ በተረጂ ስም ልጥፋ?
መዋጮው ስንት ነው?» «በወር አሥር ብር።» ከትራሱ ሥር
ቋጠሮ አወጣ፣ ፈታ፣ በአውራ ጣቱ እያሻሸ ቆጠረ፦ አሥር።
«በሉ ጻፉኝ። ከአባል።»
ናርዶስ ሣቀች፤ ከዚያ ሣቋን ዋጠችው።
«ምን ትሠራልናለህ?» ጉልላት ነው የጠየቀው
(ድሬ ላይ አንቱ የለም፣ የሚያነብ እንግዳ ቢኖር ይወቀው)።
«እሰማለሁ» አለ። «እናንተ ስትተኙ።»

ውሳኔ፦ በሙሉ ድምፅ። የኳስ ጨዋታው ፊሽካ ከነገመዱ
ከዛሬ ጀምሮ አንገቱ ላይ ይዋል፤ ይደርም።

(ከዚህ በታች ያለው ከስብሰባው በኋላ የተጨመረ ነው።)
ሐሙስ ሌሊት፣ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ፣ ፊሽካው ጮኸ።
ሰፈሩ በሽርጥ ወጣ፣ በነጠላ ጫማ፣ አንዱ ትራሱን ታቅፎ፤
ሂቦ የማታውቃትን አሮጊት አዝላ፣
ኢፍቱ ሰባት በር መትታ፣ ስምንተኛውን ሰብራ፣
ሸምሱ (ይመዝገብለት) ስድስት ሕፃን ባጃጅ ላይ ደርቦ፣
መብራት ሳያበራ ሽቅብ።
ዳገቱ ላይ ቆምን። ጠበቅን።
ሰማዩ ንጹሕ ነው። አሸዋው ደረቅ ነው።
ያንጎዳጎደው የሲሚንቶ መኪና ነበር፣ ማርሹ አልገባ ብሎት።
ተሰደብን። «ዕውር አምናችሁ!» አለን አንዱ፣ ሌላው ሣቀበት።
ጋሽ ወርዶፋ ደጁ ላይ ተቀምጦ ገመዱን ከአንገቱ ሊያወልቅ ሲል
በሯ የተሰበረባት ሴትዮ መጣች። ስሟን ያን ሌሊት ነው ያወቅነው፦ ሙህባ።
«አሥራ አንድ ዓመት እዚህ ስኖር በሬን የመታ ሰው አላየሁም።
ነገም ከሰማህ ንፋ።»
ሌላ ምንም አላለች። ወደ ቤቷ ሄደች፣
በሯ እንደተገነጠለ ተኛች።

ቀጣይ ሥራ፦ የሙህባ በር። ማጠፊያ ሁለት፣ ምስማር ሩብ ኪሎ።
ወጪው ከመዋጮ፤ የጋሽ ወርዶፋ አሥር ብር ይቅደም ተብሎ።
ማሳሰቢያ፦ አምስተኛው አካፋ አንተ ጋ ነው። ሸምሱ፣ መልስ።
እሑድ እንፈልገዋለን፣ ጠዋት፣ ፀሐይ ሳትደርስ።