የረቡዕ ክፍለ ጊዜ

ከትምህርት ቤት መጣ፤ ቦርሳውን ወርውሮ
በመዳፉ መታ የሸክላ ማሰሮ።
«ተው ራሺድ፣ ይሰበራል!» ብለው በቁጣ፣
«የቤት ሥራዬ ነው» አለኝ ሳይቆጣ።

«ኡስታዝ ጁምዓ ናቸው ያሳዩን፤ ድሮ ድሮ
ሉል ፍለጋ ሲወርድ ሙሐረቅ ተባብሮ፣
መቅዘፊያው ሲከብድ፣ ሲርቅ የብሱ፣
በዚህ ምት ነበረ የሚተነፍሱ።»

«ሙዚቃ» ይል ነበር የኛም ፕሮግራሙ፣
ከሚሴ፣ ረቡዕ፣ ከሰዓት። ስሙ
ብቻ ነው የነበረው፤ ክራር የለ፣ ከበሮ፣
ሣር ስንነቅል አለቀ፣ ከዳይሬክተር ጓሮ።
የሰፈሬን ዜማ ማንም ሳይጠይቀኝ፣
ልብስ ስተኩስ ብቻ ነው ከአፌ የሚያመልጠኝ።

ማሰሮውን ትቶ ደብተር ገለጠና፣
«ከየቤታችሁ ዜማ አምጡ ብለውናል፣ እና
ያንን ስትተኩሺ የምታዜሚውን፣
ዝግ አድርገሽ በዪው፤ ልያዘው ምቱን።»

ከየቤታችሁ? እኔ?
ካውያውን ነቀልኩና ጉሮሮዬን ጠረግሁ፤
ሁለተኛው ስንኝ ጋ ስደርስ ቃሉን አጣሁ።
እሱ ግን አላቆመም። ቀስ እያለ መታ፣
ለጎደለው ቃሌ እየተወ ቦታ።