አንድ ሰው የቀረው

ከታክሲ በር ላይ ነው ድምፄ የሻከረው፤
«ካራ! ካራ! ካራ! አንድ ሰው የቀረው!»
አራት ወንበር ጎድሎ፣ አንድ ነው እያልኩኝ
ከንጋት እስከ ማታ በውሸት ሸቀልኩኝ።
ባለንብረት ሸጦት ታክሲው ሲወሰድ
ወረዳ ስም ጠራ፤
አካፋ በትከሻ፣ ሽቅብ በየካ መንገድ።

አሥራ ሁለት ነን።
ሐምዱ አለ፣ የሊስትሮ ሳጥኑን ደንቦች የወሰዱበት፤
ሰሚራ አለች፣ ቦረቦሩ ባለፈው ክረምት
የእናቷን ማጀት በልቶ፣ ግማሽ ግድግዳ የተወላት፤
እኔም አለሁ፣ ከፊርማ በቀር እርሳስ ያልጨበጥኩኝ፣
«አበሉ ስንት ነው?» ብዬ ከሁሉ ቀድሜ የጠየቅኩኝ።

በመጀመሪያው ሳምንት መዳፌ ውሃ ቋጠረ።
ጋሽ ደበላ ንግግር አያውቅም፤ ሦስት እንጨት አሰረ፣
ከአናቱ ክር ለቆ፣ በጫፉ ድንጋይ አኖረ፤
«ክሩ መሀል ሲቆም» አለ፣ «መሬት እውነት ተናገረ።»
እኔ፣ በውሸት ያደግሁ፣ ያን ክር እያየሁ
ተዳፋቱን ሁሉ ስለካ ዋልሁ።

የግንቦቱ ክትራችን፣ የፎከርንበት፣ ፎቶ የተነሣንበት፣
ሰኔ በገባ በሦስተኛው ሌሊት
ተጠራርጎ ሄደ። ጋቢዮኑ እንደ ባዶ ጆንያ
ተጠቅልሎ ተገኘ፣ ከታችኛው ድልድይ መግቢያ።
ሐምዱ ተሳደበ። እኔ አበሌን አሰብኩ።
ጋሽ ደበላ ጎንበስ ብሎ የዳሩን አፈር በጣቱ ፈተገ፤
«ክንፉን ግራ ቀኝ አልቀበርነውም፤ ውሃ ጥግ ጥጉን ነው የፈለገ።»
ከዚህ በላይ አላለም። ኮቱን አወለቀ።
ሰሚራ ዶማዋን አነሣች፤ ሁሉም ወደ ጭቃው ዘለቀ።

ዘንድሮ ከክትሩ ኋላ ደለል ተኝቷል፣
ደለሉን ሰርዶ ይዞታል።
ሰሚራ፣ ሽቦ ስትሸምን ላያት የለገጣፎ ተቋራጭ ቁጥሯን ሰጥታዋለች፤
እስካሁን አልደወለም፤ ስልኳን መቀነቷ ውስጥ አስራ ትቆፍራለች።
እኔም ጽድ ከዝግባ፣ ኮሶ ከወይራ በቅጠል ለየሁ፤
ሥሩ ሳይነካ ፕላስቲኩን በምላጭ መቅደድ ቻልሁ።

ትናንት ሊመሽ ሲል፣ ከዳገቱ ጫፍ፣
ጉም ከእንጦጦ በኩል እየወረደ፣
አንድ ጉድጓድ ባዶውን አየሁ።
«ጽድ! ጽድ! ጽድ!» ብዬ፣ በዚያ በሻከረው
ድምፄ ተጣራሁኝ፤ «አንድ ሰው የቀረው!»
ሐምዱ እየሳቀ ችግኝ ታቅፎ መጣ።
ጉድጓዶቹን መልሼ ቆጠርኳቸው።
አልዋሸሁም፤
አንድ ነበር።