ከዉሃን የመጣ

ካርቶኑ ላይ «ዉሃን» ተብሎ ታትሟል፤
ለአማርኛ ጆሮ ውሃ ውሃ ይላል።

ዴይራ፣ ከሰንቡኩ ጎን፣ ነሐሴ ሲነድ፣
አምፖል እቆጥራለሁ፣ ካርቶን አንድ በአንድ።

ሚስተር ፋንግ ሳጥን ላይ ቁጭ ብሎ ያወጋል፦
«የኛ ወንዝ ድፍርስ ነው፣ ከተራራ ይመጣል፤
ብረት፣ አሸዋ፣ ሰው፣ ሁሉን ይሸከማል።
ሰዉም እንደዚያው ነው፤ ቶሎ ይቆጣና
ከመክፈሉ በፊት ይስቃል እንደገና።»

እዚህ ግን ጨው ነው፣ ሲገባ ሲወጣ፤
ምንጭ የለውም፣ ዋጋ ነው ይዞ የሚመጣ።

ናኹዳ ኸልፋን ደረሰኝ ሲቀበል
«ስንት ጎደለ?» አለኝ።
«አንድ ካርቶን» ስል፣
ፋንግ ባሕሩን አየ፦ «የመንገድ ግብር ነው፤
ወንዙ ነው የበላው።»

መዝገቡ ላይ ጻፍኩ፦ አንድ ካርቶን አምፖል የለም።
ውሃን ጠይቁ።